ከአዲስ አበባ እስከ አምቦ፦ የአንድ ልጅ የገና ጉዞ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ቡራዩን፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ኦሎንኮሚንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ይገባል። ይህን መንገድ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ለገበያ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ይመላለስበታል።

እኔም ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. ለገና የሄድኩ ጊዜ እንዳየሁት አድርጌ አይቼው አላውቅም። ያን ጊዜ መንገዱን ያሳየኝ የእህቴ ልጅ ነው።

ልጁ 16 ዓመቱ ነበር። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ጢሙም ብቅ ብቅ ብሏል። ግን ብቻውን ከሰፈር ወጥቶ አያውቅም ነበር። ኦቲዝም አለበት።

ስለ ኦቲዝም ጥቂት ልናገር። ቃሉ የውጭ ነው፤ ነገሩ ግን በየአገሩ አለ። በከተማም በገጠርም አለ። ኦቲዝም ልጁ ይዞት የሚወለደው የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ አንዳንዱ አፉን ሳይፈታ ይቆያል። አንዳንዱ ይናገራል፤ ግን አንዱን ነገር ደጋግሞ ይላል። ስሙ ሲጠራ ዞሮ ላያይ ይችላል። የሰው ዓይን ማየት ይከብደዋል። ጩኸት ሲበዛበት ጆሮውን ይይዛል። የለመደው ነገር ድንገት ሲለወጥበት ይጨነቃል። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ግን አይደለም። ኦቲዝም ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። የእናት ጥፋት አይደለም። እርግማንም አይደለም። የሚያጠፋው መድኃኒት የለም። ትምህርትና ትዕግሥት ግን ልጁን ብዙ ይረዱታል።

እህቴ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው። ልጁ አራት ዓመት ሞልቶት አልናገር ሲል ጎረቤት ብዙ አወራ። አንዱ «ልክፍት ነው» አለ። ሌላው «ዓይን በልቶት ነው» አለ። እሷም ጠበል ወሰደችው። መውሰዷ ክፉ አይደለም፤ እምነቷ ነው። ክፉው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጁን ጓዳ ታስገባው ጀመር። እኔም እያየሁ ዝም አልኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

እንዲህ የተደበቁ ልጆች ብዙ ነበሩ። ዛሬም አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የሚባሉ እናት ግን ልጃቸውን አልደበቁም። ወንድ ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት። ትምህርት ቤት ቢፈልጉለት የሚቀበል አጡ። ስለዚህ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አዲስ አበባ ውስጥ ከፈቱ። በፊደላችን ድምፆች እየተጠቀሙ ልጆቹን አፍ የሚያስፈቱበት ዘዴም አወጡ። ዘሚ ዛሬ በሕይወት የሉም። በሕይወት ሳሉ ግን ስለ ልጃቸው በአደባባይ ተናገሩ። እህቴ እሳቸው ሲናገሩ ሰማች። በማግስቱ የጓዳውን በር ከፍታ ልጁን ይዛው ወጣች።

አሁን ወደ አባትየው ልምጣ። የልጁ አባት የሚኖረው አምቦ ነው። ድንጋይ ጠራቢ ነው። የአምቦ ድንጋይ የታወቀ ነው። ከአሸዋ የተሠራ ድንጋይ ስለሆነ ለመጥረብ ይመቻል፤ ለቤት ግንብም ይሆናል። አባትየው ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው ለሥራ ብሎ ወደዚያ ሄደ። በየወሩ ገንዘብ ይልካል። ለበዓል ግን አይመጣም። ሰው ሁሉ «ሥራ በዝቶበት ነው» ይላል። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት አገኘሁትና ለብቻው ጠየቅሁት።

«ልጄ አይወደኝም» አለኝ። «ሳቅፈው ይገፋኛል።»

አሥር ዓመት ሙሉ ይህን በሆዱ ይዞ ኖሯል! እኔም የማውቀውን ነገርኩት። ልጁ የሚገፋው አባቱን ስለጠላ አይደለም። መታቀፍ ያስጨንቀዋል። እናቱንም ይገፋታል። አባትየው መሬት መሬት እያየ ሰማኝና ምንም ሳይል ሄደ።

በኅዳር ወር ስልክ ደወለ። «ለገና ላኩልኝ» አለ።

እህቴ ተቸገረች። እሷ ዕንቁላልና ቅቤ ነጋዴ ናት። የገና ሳምንት ለእሷ የዓመቱ ዋና ገበያ ነው። «ማን ይወስደዋል?» ብለን ስንነጋገር ልጁ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ኖሯል።

«ብቻዬን» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

በአውሮፕላን ቢሆን ነገሩ የታወቀ ሥርዓት አለው። ወላጆቻቸው በሁለት አገር የሚኖሩ ልጆች ለበዓል ብቻቸውን ይበርራሉ። አንዱ ወላጅ ልጁን ለአየር መንገዱ ሠራተኛ ያስረክባል። ስሙና የተቀባዩ ስም በወረቀት ይጻፋል። ሲደርስ ሌላ ሠራተኛ መታወቂያ አይቶ ለተቀባዩ ያስረክባል። እንደ እህቴ ልጅ ላሉትም ምልክት ተገኝቶላቸዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ለንደን አጠገብ ባለው የጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ የሱፍ አበባ ሥዕል ያለበት የአንገት ማንጠልጠያ ተጀመረ። ይህን ያንጠለጠለ ሰው በዓይን የማይታይ ችግር እንዳለበት ሠራተኛው ያውቃል። አያጣድፈውም። ዛሬ ምልክቱ በብዙ አገር ማረፊያዎች ይሠራበታል።

የእኛ መናኸሪያ የሱፍ አበባ የለውም። አደራ ግን አለ። በዚህ አገር እናት ልጇን ለሹፌር «አደራህን» ብላ ስትሰጥ የኖረች ናት። ሹፌሩም ያደርሰዋል። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አደራ የተቀበለው ሰው የልጁን ጠባይ ካላወቀ በደግነቱ ሊያስጨንቀው ይችላል። ስለዚህ አደራውን ጻፍነው።

እህቴና ልጁ ሦስት ምሽት ተቀምጠው አንድ ካርቶን ላይ ጻፉ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«ወደ አምቦ እሄዳለሁ። አባቴ መናኸሪያ ይጠብቀኛል። ኦቲዝም አለብኝ። ስትጠይቁኝ ቶሎ አልመልስም፤ እሰማችኋለሁ ግን። እባካችሁ አትንኩኝ። ጩኸት ሲበዛ ጆሮዬን እይዛለሁ። መንገዱ ከተለወጠ ቀስ ብላችሁ ንገሩኝ።»

ከሥሩ የአባቱና የእናቱ ስልክ ቁጥር አለ። በጀርባው የከተሞቹ ስም በተራ ተጽፏል። ልጁ እያንዳንዱን ከተማ ሲያልፍ በእስክሪብቶ ይሰርዛል። ከላይ ለመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ባዶ ቦታ ተትቷል።

መንገዱን አስቀድመን ደግመን አሳየነው። በኅዳር አንድ ቀን ከእኔ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ ሄዶ ተመለሰ። ለገና ሲሄድ እኔ ከኋላ እንድቀመጥ ተስማማን። ሲመለስ ደግሞ ጭራሽ ብቻውን ነው። የመሄጃውን ሕግ ራሱ አወጣ። «ጋሼ ከኋላ። ጋሼ አይናገርም» አለኝ። እሺ አልኩ።

ታኅሣሥ 26 ቀን ጧት አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን። መኪናው ቅጥቅጥ ነበር። ልጁ የሰሌዳውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ጻፈና ከሹፌሩ ጀርባ በመስኮት በኩል ተቀመጠ። እኔ ከመጨረሻው ወንበር ጥግ ገባሁ። በአስኮ በኩል ወጣን።

ልጁ ውኃ ይወዳል። የወንዝ ስም አይጠፋውም። ከቡራዩ ቀጥሎ የገፈርሳ ግድብ ሲታይ አንገቱን አዙሮ እስኪጠፋ ድረስ አየው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። እኔ በዚያ መንገድ ስሄድ ሁልጊዜ እተኛ ነበር።

ሆለታን አለፍን። ሆለታ ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ከተማ ናት። ቀጥሎ አዲስ ዓለም ነው። አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት ነበርና። ኋላ ባሕር ዛፍ ተተከለና አዲስ አበባ ከእንጨት ችግር ዳነች። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ቦታ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ልጁ «አዲስ ዓለም» የሚለውን በቀጭኑ ሰረዘ። ከጀርባ ሆኜ እጁ ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

ወሩ የመኸር ማለቂያ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ታጭዷል። የጭድ ክምር እንደ ጎጆ ቆሟል። አንዳንዱ አውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ።

ኦሎንኮሚ ላይ አንዲት አሮጊት ተሳፈሩ። ለበዓል የሚሆን ዶሮ ይዘዋል። ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ። «አካም ጅርታ፣ ሙጫ ኮ?» አሉት። በኦሮምኛ እንዴት ነህ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጁ ዝም አለ። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ከእጃቸው ሸሸና ወደ መስኮቱ ተለጠፈ። ዶሮዋ ጮኸች። ልጁ ጆሮውን ያዘ።

አሮጊቷ ተቀየሙ። «ምን ዓይነት ባለጌ ነው!» ያለ ተሳፋሪም ነበር። እኔ ልነሣ ከጀልኩ። ግን ቃል ሰጥቻለሁ። ልጁ ፊቱን ሳያዞር ካርቶኑን ዘረጋላቸው።

አሮጊቷ ማንበብ አይችሉም። ተቀብለው ለረዳቱ ሰጡት። ረዳቱ 20 ዓመት ቢሆነው ነው። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ጮክ ብሎ በኦሮምኛ ነገራቸው። አሮጊቷ ሁለቱን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ዶሮዋን በነጠላቸው ጭንቅላቷን ሸፈኑትና ጸጥ አለች። ጨለማ ያየች ዶሮ ዝም ትላለችና። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አልነኩትም። ከሌማታቸው ቆሎ አውጥተው በመካከላቸው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። ልጁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ አንድ እያለ በላ።

ጊንጪ መሬቱ ጥቁር ነው፤ መረሬ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሌላው አገር ሲደርቅ እዚያ ሽምብራው ገና አረንጓዴ ነው። አዋሽ ወንዝ የሚነሣውም ከጊንጪ አካባቢ ነው። አዋሽ ከዚያ ተነሥቶ ብዙ አገር ዞሮ አፋር ይገባል። ባሕር ግን አይደርስም። አሸዋማው አገር ውስጥ ሐይቅ ሆኖ ይቀራል። ልጁ ይህን መጽሐፍ ላይ ካነበበ ወዲህ ቤት ውስጥ ሲደጋግመው ሰምተናል። «አዋሽ ባሕር አይገባም። ጉደር ይገባል» ይላል። እውነቱን ነው። የጉደር ወንዝ አምቦ አጠገብ ያልፋል። እሱ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይም ሱዳንና ግብጽን አልፎ ባሕር ይገባል። በጊንጪና በአምቦ መካከል የሚዘንበው ዝናብ መንገድ ይለያያል ማለት ነው። አንዱ ወደ አፋር፣ አንዱ ወደ ግብጽ። እኔ ይህን የተማርኩት ከእሱ ነው።

ከጊንጪ ጥቂት አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ።

ድምፁ ጥይት ይመስላል። መኪናው ተንገዳግዶ ቆመ። ሰው ሁሉ ወረደ። ሹፌሩ መለዋወጫውን ቢያይ እሱም ተንፍሷል። ከኋላ ሌላ ቅጥቅጥ መጣና ሊወስደን ተስማማ። ተሳፋሪው ዕቃውን ይዞ ተሻገረ። ልጁ ግን አልተነሣም። ጆሮውን ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። «ቁጥሩ አይደለም። ቁጥሩ አይደለም» ይላል።

ሰው ተሰበሰበ። «ይዘን እናውርደው» ያለ አለ። «ውኃ አፍሱበት» ያለም አለ። የአዲሱ መኪና ሹፌር ክላክስ ያሰማል። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ልናገር? ብናገር ሕጉን አፈርሳለሁ። ዝም ብል ይይዙታል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፌን ከፍቼ ነበር።

ረዳቱ ቀደመኝ። መጀመሪያ ክላክሱን አስቆመ። ሰዎቹን ከመኪናው አራቀ። ከዚያ ከልጁ ፊት ሳይሆን ከጎኑ ተንበረከከ። ካርቶኑን አነሣ። የድሮውን ሰሌዳ ቁጥር በእስክሪብቶ ሰረዘ። ሮጦ ሄዶ የአዲሱን መኪና ቁጥር አየና ተመልሶ ከሥሩ ጻፈ። «ጎማ ፈንድቷል። መኪናው ተለውጧል። መንገዱ ያው ነው። አምቦ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ካርቶኑን ወንበሩ ላይ አድርጎ ሁለት እርምጃ ራቀ።

አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቅን። በመንገድ ላይ ለቆመ ሰው አምስት ደቂቃ ረጅም ነው። ልጁ እጁን ከጆሮው አወረደ። ካርቶኑን አነበበ። በመስኮት አሻግሮ የአዲሱን መኪና ሰሌዳ አየ። እንደገና ካርቶኑን አየ። ከዚያ ቦርሳውን አነገተና ወርዶ ተሻገረ። አሮጊቷ የመስኮቱን ቦታ ይዘውለት ነበር።

ለካ የጨነቀው የጎማው ጩኸት ብቻ አልነበረም። የተጻፈው ቁጥር ሌላ፣ የሚሳፈርበት መኪና ሌላ ስለሆነበት ነው። እኔ አጎቱ ሆኜ ይህ አልመጣልኝም። የጽሑፉን ስሕተት በጽሑፍ ያረመው የማናውቀው ረዳት ነው።

አምቦ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። አባትየው ከመናኸሪያው በር አጠገብ ቆሟል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ የጣቶቹ ጫፍ ግን እንደ ድንጋይ ጠራቢ ሁሉ ነጭ ነው። ልጁን ሲያይ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ። ልጁም ቀርቦ ቆመ። የአባቱን ጫማ እያየ ካርቶኑን ሰጠው። አባትየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። «አትንኩኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆም ማለቱን አየሁ።

«እጅ ብቻ» አለ ልጁ። ቀኝ እጁን ዘረጋ።

አባትየው ያዘው። እኔ ሻንጣ እንደሚፈልግ ሰው ዞር አልኩ።

አምቦ በውኃዋ የታወቀች ናት። የአምቦ ውኃ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው በ1922 ዓ.ም. ገደማ ነው። ውኃው ለምን ይፈላል? እሳት ስላለበት አይደለም። ከመሬት ጥልቅ የሚወጣ ጋዝ ውኃው ውስጥ ይሟሟል። ይህ ጋዝ እኛ ስንተነፍስ ከምናወጣው አየር ውስጥ ያለ ነው። ጠርሙሱ ሲከፈት ያመልጣል፤ አረፋ የሚሆነው እሱ ነው። አባትየው ይህን ያውቅ ነበር። ልጁ ውኃ እንደሚወድም እህቴ ነግራዋለች። ቤት ሲደርሱ ስድስት ጠርሙስ ደርድሮ ጠበቀው። አንዱን ይከፍታል፤ ልጁ አረፋው እስኪያልቅ ያያል። ከዚያ ሁለተኛውን። ሽሮው ቀዘቀዘ፤ ማንም አላጣደፈም። ገና ጾሙ አልተፈታምና በዚያ ቀን የሚቀርበው ሽሮና ዳቦ ነበር።

እኔ በማግስቱ ተመለስኩ። የቀረውን የሰማሁት ከአባትየው ነው። በገና ማግስት ጉደር ሄዱ። ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወንዙ ታኅሣሥ ላይ እንደ ክረምቱ አይሞላም። ልጁ ዳር ተቀምጦ ውኃውን እያየ ዋለ። አባትየው አንድ ክንድ ርቆ ተቀመጠ። ብዙም አልተነጋገሩም። ወደ ማታ ልጁ አንድ ቁራጭ ሣር ጣለና «ይኼ ባሕር ይገባል» አለ። አባትየው «መቼ ይደርሳል?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ካሰበ በኋላ «ሩቅ ነው» አለ። አባትየው ይህን በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ኔትወርኩ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም።

ጥር 2 ቀን ልጁ ብቻውን ተመለሰ። አባትየው አሳፈረው፤ ለሹፌሩ ካርቶኑን አስነበበና «አደራህን» አለ። የሰሌዳውን ቁጥር ለእህቴ በስልክ ነገራት። እህቴና እኔ መናኸሪያው በር ላይ ሁለት ሰዓት ቀድመን ቆምን። እህቴ ቁጥሩን እጇ መዳፍ ላይ ጽፋለች። መኪና በገባ ቁጥር መዳፏን ታያለች። ላብ ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም።

በኋላ ባሉት ዓመታት ያ መንገድ ብዙ ችግር አይቷል። ጉዞው የሚቋረጥበት ጊዜ ነበር። በእነዚያ ወራት ልጁ አልሄደም፤ አባቱ በስልክ ጠርሙስ እየከፈተ ያሰማዋል። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ይሄዳል። ዛሬ ሙሉ ሰው ሆኗል።

ያን ቀን መኪናው ሲገባ ሰው ሁሉ እስኪወርድ ጠብቆ መጨረሻ ወረደ። እናቱ አልሮጠችም። እጇን ዘረጋች፤ ያዘው። እኔን አየና «ከኋላ ጋሼ የለም» አለ። «የለም፤ ብቻህን ነህ» አልኩት። ካርቶኑን ለእናቱ ሰጣት።

ማታ ኩራዝ የሚያህለው አምፖል ሥር ሆነን አየነው። ከተሞቹ ሁሉ ተሰርዘዋል። በመሄጃው አንዴ፣ በመመለሻው አንዴ፤ ሁለት ሁለት መስመር አለባቸው። ጊንጪ አጠገብ ግን በልጁ እጅ ጽሑፍ አንድ ቃል ተጨምሯል። «ጎማ» ይላል።